ሐዋሳ ያሉ ወላጆችን ወደ አሜሪካ ለመውሰድ፦ የስፖንሰር ገቢ ስሌትና የወረቀት ሥራ

አሜሪካ ያለ ልጅ ለእናትና ለአባቱ የጀመረው ፕሮሰስ ሲጓተት ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ልጁ ለታክስ ያሳወቀው ገቢ ለቤተሰቡ ቁጥር አይበቃም፣ ወይ ሐዋሳ ላይ የወጣው ወረቀት ልጁ ራሱ አሜሪካ ሲገባ ከሞላው ስምና ቀን ጋር አይገጥምም። ሁለቱም ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ቁጭ ብለው ቢያዩአቸው የሚታዩ ናቸው። ከገባ በኋላ ግን አንዲት ስህተት ወራት ትበላለች። ስለዚህ ፎርም ከመክፈታችሁ በፊት ልጅ እዚያ፣ ቤተሰብ እዚህ ሆናችሁ ስሌቱንና ማመሳከሩን ጨርሱ።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የአሜሪካ ስቴት ዲፓርትመንት ከጃንዋሪ 21 ቀን 2026 (ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም) ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የኢሚግራንት ቪዛ መስጠት አቁሟል። ማመልከቻ መቀበልና የኢንተርቪው ቀጠሮ መስጠት አልተከለከለም፤ የቆመው ቪዛው ራሱ ነው። ፔቲሽን (ልጁ ለወላጁ የሚያስገባው የመጀመሪያ ማመልከቻ) ተመርምሮ እስኪጸድቅ ወራት ስለሚወስድ ማስገባቱን መተው አያስፈልግም። ቶሎ የሚያረጁትን ግን አትቸኩሉባቸው፤ የጤና ምርመራና የአውሮፕላን ትኬት ይቆዩ፣ ቤት መሸጥማ ጨርሶ አይታሰብ። እያንዳንዱን ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት እገዳው ያለበትን ሁኔታ በዲፓርትመንቱ ድረ ገጽ ላይ ተመልከቱ።

ማን ማንን መጥራት ይችላል

እናትና አባትን መጥራት የሚችለው ዜግነት የወሰደና 21 ዓመት የሞላው ልጅ ብቻ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ወላጆቹንም ሆነ ወንድምና እህቱን መጥራት አይችልም፤ ለትዳር ጓደኛውና ላላገቡ ልጆቹ ብቻ ነው የሚያመለክተው። የዜጋ ወላጆች የቪዛ ኮታ አይጠብቁም። ወንድምና እህት ግን ከዓመታዊ ኮታ ስለሚቆረጥላቸው ወረፋው ከአሥር ዓመት በእጅጉ ይበልጣል። አክስት፣ አጎት፣ የአክስት ልጅና አያት በቀጥታ የሚጠሩበት መንገድ የለም።

ብዙ ቤተሰብን የሚያስደነግጠው ነገር እዚህ ላይ ነው። እናት በፕሮሰሷ ሥር የ14 ዓመት ታናሽ ልጇን ይዛ መሄድ አትችልም። የዜጋ ወላጅ ፔቲሽን አንድ ሰው ብቻ ነው የሚይዘው፤ ለእናት አንድ፣ ለአባት ሌላ ይገባል፣ ታናናሾቹም አይካተቱም። ያለው መንገድ እናት ወይም አባት ግሪን ካርድ ካገኙ በኋላ ላላገባው ልጃቸው ማመልከት ነው። ይህም ከተጀመረ በኋላ ልጁ ቢያገባ ማመልከቻው ይሞታል። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ይህን ያላወቀ ቤተሰብ ዓመታት የጠበቀውን ፕሮሰስ በአንድ ሠርግ ያጣል። ስለዚህ ሁለቱም ወላጆች ከመሄዳቸው በፊት ሐዋሳ የሚቀረው ልጅ ከማን ጋር እንደሚኖር ይወሰን።

የገቢው ስሌት

ስፖንሰሩ የሚፈርመው ፎርም አይ-864 ይባላል፤ ሰዉ ‹አፊዳቪት› የሚለው ነው። ለዲቪና ለጎብኚ ቪዛ ከሚሞላው አይ-134 ጋር አታምታቱት፣ ያኛው በቤተሰብ ፕሮሰስ አይሠራም። መስፈርቱ የስፖንሰሩ ዓመታዊ ገቢ የአሜሪካ መንግሥት በየዓመቱ ከሚያወጣው የድህነት ወለል ቢያንስ 125 በመቶ እንዲሆን ነው። በ2025 ሠንጠረዥ መሠረት ከአላስካና ከሃዋይ በቀር ባሉት ግዛቶች ለ2 ሰው 26,437 ዶላር፣ ለ3 ሰው 33,312፣ ለ4 ሰው 40,187፣ ለ5 ሰው 47,062፣ ለ6 ሰው 53,937 ዶላር ነበር፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ሰው 6,875 ይጨመር ነበር። ከዚህ በታች ያሉት ስሌቶችም በዚሁ ሠንጠረዥ የተሠሩ ናቸው። ሠንጠረዡ በየዓመቱ ስለሚታደስ በምትፈርሙበት ጊዜ በሥራ ላይ ያለውን አይ-864ፒ የተባለውን ገጽ አውጡ።

ሰው አቆጣጠሩ ላይ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት። የሚቆጠሩት ስፖንሰሩ ራሱ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ከ21 ዓመት በታች ያሉ ያላገቡ ልጆቹ፣ በታክስ ወረቀቱ ላይ ጥገኛ ብሎ ያስመዘገባቸው ሰዎች፣ ቀደም ሲል በአይ-864 ፈርሞላቸው ዋስትናው ያላለቀ ሰዎች፣ እና አሁን የሚመጡት ናቸው። ከአምስት ዓመት በፊት ለባለቤቱ ወንድም በጆይንት ስፖንሰርነት (በተጨማሪ ዋስነት) የፈረመ ሰው ያንን ሰው ዛሬም ይቆጥረዋል፤ ሰውየው ሌላ ስቴት ሄዶ ራሱን ችሎ ቢኖርም ለውጥ የለውም። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት የሆነ ልጅ ሁለቱንም ወላጆች ሲጠራ ስድስት ብሎ ያስላ፤ ያ የቀድሞ ዋስትና ካለበት ደግሞ ሰባት ነው፣ ማለትም 60,812 ዶላር።

ገቢ ማለት ምንድን ነው? ለተቀጣሪ ቀላል ነው፤ የቅርቡ ዓመት የታክስ ሪተርን፣ ደብሊው-2 (አሠሪው የሚሰጠው የዓመት ደመወዝና ታክስ መግለጫ)፣ የቅርብ ወራት የደመወዝ ወረቀትና የአሠሪ ደብዳቤ ይበቃዋል። በራሱ ለሚሠራ፣ በተለይ ለኡበርና ለከባድ መኪና ሹፌር፣ ነገሩ ሌላ ነው። የሚቆጠርለት ወጪውን ቀንሶ ያሳወቀው የተጣራ ገቢ ነው። በዓመት 95,000 ዶላር እጁ የገባ ሹፌር ነዳጅ፣ ጥገናና ኢንሹራንስ ቀንሶ 31,000 ብሎ ካሳወቀ ለኤምባሲው የ31,000 ዶላር ሰው ነው። ታክስ ያስቀነሰለት ወረቀት ስፖንሰርነቱን ይቀንስበታል። ያልተመዘገበ ጥሬ ገንዘብም ምንም ያህል ቢሆን አይቆጠርም። ስለዚህ ወላጅ ለመጥራት ያሰበ ባለ ግል ሥራ ከታክስ ሠሪው ጋር ቢያንስ ከአንድ የታክስ ዓመት በፊት ይነጋገር። የአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት አይአርኤስ የሚሰጠው ትራንስክሪፕት (የታክስ መዝገብ ግልባጭ) ነጻ ነው፤ ከሪተርን ኮፒ ይልቅ እሱን ማያያዝ ይመረጣል፣ የገጽ መጉደል ጣጣ የለበትም።

ገቢው ካልሞላ ሦስት መውጫ አለ፤ በዚህ ቅደም ተከተል ብትሞክሯቸው ይሻላል።

መጀመሪያ አንድ ቤት የሚኖር ሰው ገቢ ነው። ባለቤት ወይም አብሮ የሚኖር ለአካለ መጠን የደረሰ ልጅ አይ-864ኤ ፈርሞ ገቢውን ይደምራል። ከላይ ያለው ሹፌር ሚስቱ 26,000 የምታገኝ ከሆነ ድምሩ 57,000 ሆኖ ለስድስት ሰው ያልፋል። ባልና ሚስት ታክስ በአንድ ላይ ስላስገቡ ብቻ ገቢው በራሱ የተደመረ የሚመስላቸው አሉ፤ ሚስት አይ-864ኤ ካልፈረመች የእሷ አይቆጠርም።

ሁለተኛው ጆይንት ስፖንሰር ነው። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው፣ 18 ዓመት የሞላው፣ አሜሪካ የሚኖር ሰው ይሁን እንጂ ዘመድ መሆኑ ግዴታ አይደለም። የእሱ ገቢ ከእናንተ ጋር አይደመርም፤ ለራሱ ቤተሰብና ለሚመጡት ሰዎች ብቻውን መብቃት አለበት። እዚህ ላይ የሚጠቅም ነገር አለ፦ የእናትና የአባት ፔቲሽን ለየብቻ ስለሆነ ለእያንዳንዳቸው የተለያየ ጆይንት ስፖንሰር ማቅረብ ይቻላል። ብቻውን የሚኖር ሰው ለሁለቱም ለመፈረም 33,312 ዶላር ያስፈልገዋል፤ ለአንዳቸው ብቻ ከሆነ 26,437 ይበቃል። ጆይንት ስፖንሰር ተገኘ ተብሎ ግን ልጁ ከፊርማ አይድንም፤ ገቢው ዜሮ ቢሆንም የራሱን አይ-864 ሞልቶ ያስገባል። ይህን ያልላከ ኬዝ ተመላሽ ይሆናል።

ሦስተኛው ንብረት ነው። ለወላጅ የጎደለው ገንዘብ በአምስት ተባዝቶ ይታሰባል። ለአራት ሰው 40,187 ሲጠየቅ ገቢው 35,000 የሆነ ሰው የጎደለው 5,187 ስለሆነ 25,935 ዶላር የሚያወጣ ንብረት ማሳየት አለበት። በባንክ ያለ ቁጠባ፣ አክሲዮን፣ የቤት ዋጋ ሞርጌጁ (የቤቱ ብድር) ተቀንሶ ይቆጠራል፤ መኪና የሚቆጠረው ሁለተኛ ካለ ነው። ወላጆች ሐዋሳ ያላቸው ቤት በደንቡ ከስደተኛው ንብረት ሊገባ ይችላል። ነገር ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ተሸጦ ወደ ጥሬ ገንዘብ መለወጥ እንደሚችል ማስረዳት ይጠይቃል፣ ብሩን ወደ ዶላር ቀይሮ ከአገር ማውጣት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ካርታና የግምት ደብዳቤ ላይ ተስፋ ከመጣል ጆይንት ስፖንሰር መፈለጉ ይሻላል።

ፊርማው ምን ያስራል

እኛ አገር ዋስ መሆን የለመድነው ነው፤ ለሥራ ቅጥር፣ ለብድር፣ ለፖሊስ ጣቢያ ዋስ ሆኖ የማያውቅ ጥቂት ነው። አይ-864ም ዋስትና ነው፣ ማብቂያው ግን ሩቅ ነው። የሚያበቃው የመጣው ሰው ዜግነት ሲወስድ፣ 40 የሥራ ሩብ ዓመቶች ሲቆጠሩለት (ወደ 10 ዓመት ሥራ ነው)፣ ግሪን ካርዱን ትቶ ለቆ ሲወጣ፣ ወይም ሲሞት ነው። 68 ዓመት የሆናቸው እናት አሥር ዓመት ተቀጥረው አይሠሩም። ለዜግነት ከአምስት ዓመት በኋላ ማመልከት ቢችሉም የእንግሊዝኛው ፈተና አለ፤ በዕድሜ ከእንግሊዝኛው ነጻ የሚደረጉት ግሪን ካርድ ይዘው ቢያንስ 15 ወይም 20 ዓመት የኖሩ ናቸው። በሐኪም የሚሞላ ኤን-648 የተባለ የጤና ማስረጃ ካላገኙ ዋስትናው እስከ ዕድሜ ልክ ሊሄድ ይችላል። ጆይንት ስፖንሰር የምትለምኑትን ወዳጅ ‹ፊርማ ብቻ ናት› አትበሉት። እናት በገቢ ማነስ የሚሰጥ የመንግሥት እርዳታ ቢወስዱ መንግሥት ገንዘቡን ከእሱ ሊጠይቅ ይችላል፤ ይህን ሰምቶ ፈቅዶ ይፈርም።

ሐዋሳ ላይ የሚሠራው ሥራ

ለእናት ፔቲሽን ዋናው ማስረጃ የእናት ስም ያለበት የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። ለአባት የልደት ወረቀቱ ላይ የወላጆች የጋብቻ ምስክር ወረቀት ይታከላል። ልጁ እዚያ ስላለ ልደቱን የሚያወጣው ሰው ውክልና ያስፈልገዋል፤ ውክልናው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ተረጋግጦ ሲመጣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እንደገና ይረጋገጣል። ወላጆች በባህል ወይም በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው የጋብቻ ወረቀት ከሌላቸው ቀበሌው ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ሄደው ያስመዝግቡ፤ ሕጉ በባህልና በሃይማኖት የተፈጸመንም ጋብቻ ይቀበላል። የቤተ ክርስቲያን የቃል ኪዳን ወረቀት፣ የሠርግ ፎቶና በሠርጉ የነበሩ ምስክሮች ካሉ አብረው ይዘው ይሂዱ።

ችግሩ እነዚህ ወረቀቶች አብዛኛውን ጊዜ ከልደቱ አርባ ዓመት በኋላ መውጣታቸው ነው። መርማሪው ቀኑን አይቶ ተጨማሪ ማስረጃ ይጠይቃል። እስኪጠይቅ ሳትጠብቁ አሮጌ ወረቀት ፈልጉ፦ የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የወላጅ ስም ያለበት የትምህርት ቤት ካርድ፣ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤት፣ የቀበሌ ቤተሰብ ቅጽ፣ ልጁ ትንሽ ሳለ ከወላጆቹ ጋር የተነሣው ፎቶ። ማስረጃው አሁንም ከሳሳ የዘረመል ምርመራ ይቀራል፤ እሱም በአሜሪካ ኤኤቢቢ እውቅና የሰጠው ላቦራቶሪ በኤምባሲው በኩል የሚያደርገው መሆን አለበት፣ በግል አዲስ አበባ የተደረገ ውጤት ተቀባይነት የለውም።

ቀን ላይ በጣም ተጠንቀቁ። ጥር 10 ቀን 1950 ዓ.ም የተወለዱ አባት በፈረንጅ ጃንዋሪ 18 ቀን 1958 ነው የተወለዱት። ጥር አምስተኛ ወር ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ‹10/05/1950› ተብሎ ከተጻፈ ግን አስተርጓሚው ሜይ 10 ቀን 1950 ብሎ ያልፈዋል፤ አባትየው በአንድ ብዕር ስምንት ዓመት ገደማ ያረጃሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ድረስ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት መሆኑንም አትርሱ። ወረቀት ሲወጣ ወሩ በፊደል ይጻፍ፣ ዓ.ም መሆኑም ይገለጽ።

የቦታ ስምም እንደዚሁ ነው። አንዱ ወረቀት ላይ ‹አዋሳ፣ ሲዳሞ›፣ ሌላው ላይ ‹አዋሳ፣ ደቡብ ክልል›፣ አዲሱ ላይ ‹ሐዋሳ፣ ሲዳማ ክልል› የሚል ይገኛል። ከተማው አንድ ነው፤ የሲዳማ ክልል የተመሠረተው በ2012 ዓ.ም ነው። ይህን የማያውቅ መርማሪ ሦስት ቦታ ሊመስለው ስለሚችል በሁለት መስመር አስረድታችሁ አያይዙ። አሮጌውን ወረቀት ለማሳመር ብላችሁ አዲስ አታስወጡ። በሲዳምኛ ወይም በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ሁሉ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይፈልጋል፤ ተርጓሚው ሁለቱንም ቋንቋ እንደሚችልና ትርጉሙ የተሟላ መሆኑን ጽፎ ይፈርማል።

ከሁሉ በላይ መመሳከር ያለበት ልጁ በዲቪ፣ በስደተኝነት ወይም በትዳር ሲሄድ ራሱ የሞላው ፎርም ነው። ያኔ የአባቱን ስምና የእናቱን ልደት ምን ብሎ ጻፈ? ፋይሉ አሁንም አለ፤ መርማሪው ከፍቶ ያያል። ኮፒው የጠፋበት ሰው ከአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ከዩኤስሲአይኤስ የራሱን ፋይል በነጻ መጠየቅ ይችላል፤ ጊዜ ስለሚወስድ ቀድሞ ይጠይቅ። ልዩነት ከተገኘ ቀበሌ ሄዶ ቀኑን እንዲገጥም ማስቀየር ትልቁ ጥፋት ነው። እውነተኛውን ጻፉ፣ ልዩነቱ እንዴት እንደመጣ በቃለ መሐላ አስረዱ፣ በአሮጌ ማስረጃ ደግፉ። የአያት ስም፣ የጋብቻ ስም፣ ‹ወልደ› ተነጥሎና ተያይዞ የተጻፈበት ሁሉ ‹ሌሎች የተጠቀሙባቸው ስሞች› በሚለው ቦታ ይግባ።

ክፍያውና ቅደም ተከተሉ

ልጁ ለእያንዳንዱ ወላጅ አይ-130 የተባለውን ፔቲሽን ያስገባል፤ በኦንላይን 625፣ በወረቀት 675 ዶላር ነው። ሲጸድቅ ኬዙ ወደ ብሔራዊ ቪዛ ማዕከል፣ ኤንቪሲ ወደሚባለው ይሄዳል። እዚያ ለቪዛ ማመልከቻው 325፣ ለአፊዳቪቱ ምርመራ 120 ዶላር ይከፈላል። ቪዛው ከተገኘ በኋላ የግሪን ካርዱ 235 ዶላር ነው። ለሁለት ወላጅ በኦንላይን ድምሩ 2,610 ዶላር ይሆናል፤ የጤና ምርመራ፣ ትርጉም፣ ትኬትና የአዲስ አበባ ማረፊያ ከዚህ ውጭ ናቸው። የኤንቪሲው ክፍያ የሚቆረጠው ከአሜሪካ ባንክ ሒሳብ ስለሆነ ሐዋሳ ላይ ‹የኤምባሲ ክፍያ እንፈጽማለን› የሚል ሰው ብር ቢጠይቃችሁ አትስጡ።

ክፍያው ሲያልፍ ዲኤስ-260 የተባለው የኦንላይን የቪዛ ማመልከቻ ይሞላል፣ አይ-864ና የሲቪል ሰነዶች ይጫናሉ። እዚህ ላይ ኬዝ የሚመለስባቸው ስህተቶች ተደጋጋሚ ናቸው። ፊርማው በእጅ ያልተፈረመ፣ የፎርሙ ገጽ የጎደለ፣ የቤተሰብ ቁጥር የተሳሳተ፣ የጆይንት ስፖንሰሩ ፓስፖርት ወይም ግሪን ካርድ ኮፒ ያልተያያዘ፣ ታክስ በጋራ ገብቶ ደብሊው-2 የቀረ። ኤንቪሲ ያዘዘውን ሳትፈጽሙ ወይም ሳታነጋግሩት አንድ ዓመት ካለፈ ኬዙ ሊዘጋ ይችላል፤ በእገዳው ምክንያት ዝም ብለው የተቀመጡ ሰዎች ይህን ልብ ይበሉ።

ከወንጀል ነጻ ማስረጃ ከፌዴራል ፖሊስ ይወጣል። ቤሩት፣ ጂዳ ወይም ዱባይ ከ16 ዓመታቸው በኋላ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የኖሩ እናት ከዚያ አገርም ይጠየቃሉ፤ እዚህ ሆኖ ማስመጣቱ ረጅም ስለሆነ ከሁሉ ቀድሞ ይጀመር። ፓስፖርት ለማውጣት ሐዋሳ ያለው የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ አለ፤ ስም አጻጻፉ ከልደት ወረቀቱ ጋር መግጠሙን ከመቀበላችሁ በፊት አንብቡ።

አዲስ አበባ

ኢንተርቪውና የጤና ምርመራው ሁለቱም አዲስ አበባ ነው፤ ምርመራው የሚደረገው ኤምባሲው በሰየማቸው ሐኪሞች ብቻ ነው። 275 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ተጉዘው በደረሱበት ቀን አረጋውያንን ወደ ምርመራ አትውሰዱ። የደረት ራጅ ላይ የቆየ ጠባሳ ከታየ አክታ ተወስዶ በላቦራቶሪ ጀርም ይበቅልበት እንደሆነ ለማየት ስምንት ሳምንት ገደማ ይጠበቃል፤ ቀድሞ የሳንባ ነቀርሳ የታከመ ሰው የሕክምና ካርዱን ይዞ ይሂድ። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሐኪማቸው ደብዳቤ ያምጡ፤ ቆንስሉ ከአፊዳቪቱ ሌላ ዕድሜን፣ ጤናንና የቤተሰብ ሁኔታን ማየት በሕግ ይችላል፣ ሕመም በቁጥጥር ሥር መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ይረዳል። እማማ ኢንተርቪው ላይ ልጃቸው የት ከተማ እንደሚኖር፣ ምን እንደሚሠራ፣ ስንት ልጅ እንዳለው ይጠየቃሉ። አያጥኑ፣ ይወቁት። ከልጃቸው ጋር በስልክ ረጋ ብለው ቢጨዋወቱ ይበቃል።

ከደረሱ በኋላ

የጤና ኢንሹራንስ ነገር ከትኬቱ በፊት ይታሰብ። ሜዲኬድ (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ለአብዛኛው አዲስ ግሪን ካርድ ያዥ የአምስት ዓመት ክልከላ አለበት። ሜዲኬርም (የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) ቢሆን ሠርተው ላልከፈሉ 65 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች የሚፈቀደው ከአምስት ዓመት ተከታታይ ኑሮ በኋላ ነው፣ ያውም በክፍያ። ከደረሱ በ60 ቀን ውስጥ በኢንሹራንስ ገበያው ላይ መመዝገብ ይቻላል፤ ቀኑ ካለፈ እስከሚቀጥለው የምዝገባ ወቅት መድን የላቸውም።

ብዙ ወላጆች ክረምቱ ሲከብዳቸው ወደ ሐዋሳ መመለስ ይሻሉ። ከስድስት ወር በላይ ውጭ መቆየት ሲመለሱ ጥያቄ ያስነሳል፤ ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ ግሪን ካርዱ ለመግቢያ አያገለግልም። ረዘም ያለ ቆይታ ካሰቡ አሜሪካ እያሉ በአይ-131 የመመለሻ ፈቃድ ይጠይቁ፤ እስከ ሁለት ዓመት ይሰጣል። ስፖንሰሩ ደግሞ አድራሻ ሲቀይር በ30 ቀን ውስጥ በአይ-865 ያሳውቃል፤ ጆይንት ስፖንሰሩም እንዲሁ። ካላሳወቀ ቅጣቱ ከ250 ዶላር ይጀምራል።